በርጩማው ላይ ተቀምጠን ጠራቢውን ስንንቅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቤት ዕቃም ነው፣ ስለ ፍቅርም ነው። «እንዴ! በርጩማና ፍቅርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ እንጂ ነገሩ ሲገፋ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል።

እስቲ መጀመሪያ ያላችሁበትን ቤት ዘወር ዘወር ብላችሁ ቃኙት። ቡና ሲፈላ እናታችሁ የሚቀመጡባት ያቺ ድንክ በርጩማ አለች። ቡናው የሚወቀጥበት ሙቀጫ ከነዘነዘናው አለ። ጓዳ ገባ ካላችሁ ደግሞ አያታችሁ ከአገር ቤት ያመጡት ገበቴ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከበር ጀርባ የአባታችሁ ከዘራ ተንጠልጥሏል። ለመሆኑ እነዚህን ዕቃዎች ማን እንደሠራቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሶፋው የት እንደተገዛ፣ ቴሌቪዥኑ የየት አገር ምርት እንደሆነ፣ ሞባይሉ ስንት ካሜራ እንዳለው ብትጠየቁ ሳትተነፍሱ ትመልሳላችሁ። የበርጩማዋን ስትጠየቁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ከገበያ!» በቃ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

አሁን አሁን ደግሞ በርጩማ አራዳ ሆናለች። «ባህላዊ» ነን በሚሉት የቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች ውስጥ ገብታችሁ እዩ። የጅማ በርጩማ ተደርድሮ፣ ፍቅረኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ሙሽሮች ለመልስና ለቅልቅል አዳራሹን በተጠረበ እንጨት ያስጌጣሉ። ደስ ይላል፤ ማንም አይጠላውም። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፎቶ የሚነሳው ወጣት «በርጩማውን የጠረበው ሰውዬ ልጅ አለችው፤ ታገባታለህ?» ቢባል ምን ይመልስ ይሆን?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

ከደብዳቤው

ጸሐፊዋ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። ስሟን አንጠቅስም፤ ሰፈሯንም እንተወው። ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ተዋደዋል። ልጁ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል፤ መጠጥ አያውቅም፤ ጸባዩ ለሰው የተመቸ ነው። እናቷ ሳይቀሩ ቤት ሲመጣ «የኔ ልጅ» እያሉ ነበር የሚያጎርሱት። ሽማግሌ መላክ ሲታሰብ ታዲያ አባት እንደ ደንቡ «ለመሆኑ ዘሩ ማነው?» ብለው ወደ አገር ቤት ሰው ላኩ። ወሬው ተጠንቶ መጣ። የልጁ አባትም አያትም ጉራጌ አገር እንጨት ጠርበው የሚያድሩ ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆኗል ትላለች። አባት «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። እናት እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። አክስቶች ተሰብስበው «ዘር ከልጓም ይስባል» እያሉ ተረቱባት። ከዚህ ሁሉ በላይ አንጀቷን ያሳረራት ግን አባቷ ያንን ቃል ሲናገሩ የተቀመጡበት ነገር ነው። ከአያታቸው የወረሷት፣ ልጅ እንዳይቀመጥባት የሚከለክሏት፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረች በርጩማ ላይ ነበሩ። በርጩማዋን የጠረባት ማን ሆነና!

ልጁስ? ልጁ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ትምህርት ቤት «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲባል «ነጋዴ ነው» እያለ ሲዋሽ እንዳደገ ነገራት። አሁን «ከቤተሰብሽ አላጣላሽም፤ ይቅርብን» ብሏታል። እሷ ደግሞ «ምን ላድርግ? ምከሩኝ» ትላለች።

እህቴ፣ እመልስልሻለሁ። በመጀመሪያ ግን ይህ ሁሉ ልቅሶ የሚለቀስበት ሙያ ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ አንባቢው አብሮን ይወቅ። የናቅነውን ነገር ሳናውቀው ነዋ የናቅነው።

ከአንድ ግንድ የምትወጣ መቀመጫ

ጅማ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከቡናውና ከማሩ ቀጥሎ ተሸክሞ የሚመጣው በርጩማ ነው። ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ አንስታችሁ ገልብጧት። ምስማር የላትም። ኮላ የላትም። መገጣጠሚያም የላትም። መቀመጫዋም፣ እግሮቿም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው። አናጢ ቢሳሳት ሌላ ጣውላ ቆርጦ ይተካል፤ ጠራቢ ግን የሚሠራው በመቀነስ እንጂ በመጨመር ስላልሆነ አንዷን እግር አንድ ጊዜ አለቅጥ ከላጣት ልፋቱ ሁሉ ለማገዶ ነው። ስለዚህ ጠራቢው መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት በርጩማዋን ግንዱ ውስጥ በዓይነ ልቦናው አይቷታል ማለት ነው።

ለምን ሦስት እግር? እንጨት ለመቆጠብ እንዳይመስላችሁ። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትንሽ ጎርበጥ ካለ አንዱ እግሩ ይንጠለጠልና ሲንገጫገጭ ይውላል። ሬስቶራንት ውስጥ ወረቀት አጥፈን ከእግሩ ሥር የምንወትፈው ለዚህ አይደል? ባለ ሦስት እግር ግን በአፈር ወለልም፣ በሣር ላይም፣ በድንጋይ ላይም ያለ ምንም ድጋፍ ቀጥ ትላለች። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ ይህን እኛ በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ ነው የተማርነው። ጠራቢዎቹ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ደረሱበት።

እንጨቱም እንደተገኘ የሚቆረጥ አይደለም። በጅማና በአካባቢው ለበርጩማ የተመረጠው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ሲሸከሙት ቀላል፣ ለመሣሪያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙ ያማረ ዛፍ ነው። ግንዱ ተቆርጦ ገና እርጥብ ሳለ ዋናው ቅርጽ ይወጣለታል፤ እርጥብ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ እጅ አያደክምም። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ውጪው ቶሎ ደርቆ ይኮማተራል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ማለስለስና ጌጥ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ጠራቢ አይሆንም ማለት ነው።

ጅማ ውስጥ ከበርጩማዋ ሌላ ባለ መደገፊያ ወንበርም አለ። እሱም ሦስት እግር ነው፤ እሱም ከነጀርባው ከአንድ ግንድ የወጣ ነው። ጀርባው ሰፋ ብሎ፣ ጎበጥ ብሎ የተቀመጠበትን ሰው እቅፍ የሚያደርግ ይመስላል። ዛሬ ይህ ወንበር በትልልቅ የውጭ አገር ሙዚየሞች ውስጥ በመስታወት ታጥሮ ይታያል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም በእንጨት ሥራው የሚደነቅ ነው። የጅማ ጠራቢ ለንጉሥም ለገበሬም ሠርቷል። ሁለቱም ተቀምጠውበታል።

ጉራጌ፤ ቤት ሠሪው ቤት የማይገባበት

የጉራጌን ባህላዊ ቤት ያየ ሰው ከዚያ በኋላ «ጎጆ» የሚለውን ቃል እንደ ድሮው አይጠራውም። ክቡ ቤት ሰፊ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ግዙፍ ምሰሶ ቆሞ ጣራውን በሙሉ ይሸከማል። ይህን ምሰሶ መርጦ፣ ጠርቦ የማቆሙ ሙያ የጠራቢዎቹ ነበር። በርጩማውን፣ ገበቴውን፣ ትራሱን፣ ለእንሰት ሥራ የሚያስፈልገውን የእንጨት ዕቃ ሁሉ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ቤት አይቆምም፤ ቆጮም አይፋቅም።

ታዲያ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ያቆመው ሰው ቤቱ ካለቀ በኋላ እንደልቡ ሊገባበት አይችልም ነበር። መሬት ማረስ አይፈቀድለትም፤ ከብት ማርባት አይፈቀድለትም። «እግሩ ማሳ ላይ ካረፈ ምርት ይጎዳል፤ ወተቱም ይበላሻል» ይባል ነበር። ምግብ ሲሰጠው በቤተሰቡ ዕቃ ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ላይ ነበር። ገበቴውን የሠራው ሰው ከገበቴው አይበላም! ጋብቻማ አይታሰብም። በአካባቢው የሚጠራበት ስም ራሱ ከስድብ ስለሚቆጠር እዚህ መጻፉን ትቼዋለሁ።

ይህን የምለው ጉራጌን ለይቼ ለመውቀስ አይደለም። በኮንሶም ገበሬውና ባለእጁ በጋብቻ የማይገናኙበት ሥርዓት ነበር። በከፋ፣ በዳውሮና በሌሎችም ቦታዎች ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። ሰሜኑም ቢሆን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ሲል ነው የኖረው። ጣት መቀሳሰር ከተጀመረ የማይነካ የለም።

ኮንሶ፤ የጀግና ሐውልት ከእንጨት

ወደ ደቡብ ወረድ ብለን ኮንሶ ስንደርስ እንጨት ከመቀመጫነት ወደ ታሪክ መጽሐፍነት ይለወጣል። ኮንሶዎች ለጀግናና ለተከበረ ሰው ከሞቱ በኋላ ከእንጨት የተጠረበ ሐውልት ያቆሙለታል። ስሙ ዋካ ይባላል። ሐውልቱ ብቻውን አይቆምም። ጀግናው መሐል ላይ ይሆናል፤ ግንባሩ ላይ የክብር ምልክት አለው። ሚስቶቹ ከጎንና ከጎኑ ይቆማሉ። ድል ያደረጋቸው ጠላቶች ካሉ እነሱም አብረው ይጠረባሉ። ነብር ወይም አንበሳ ገድሎ ከሆነ አውሬውም ከእግሩ ሥር ይታያል። መንገደኛው ማንበብ ባይችልም ሐውልቶቹን ቆጥሮ የሟቹን ታሪክ ይረዳል።

ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋነኛ ምክንያቱ የድንጋይ እርከኑና በግንብ የታጠሩት መንደሮቹ ቢሆኑም እነዚህ የእንጨት ሐውልቶችም የቅርሱ አካል ናቸው። ሌባ ግን ከዩኔስኮ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ብዙ ዋካዎች ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለቱሪስትና ለዕቃ ሰብሳቢ ተሽጠዋል። ከሌባ የተረፉትና የተያዙት ተሰብስበው ካራት ከተማ ላይ ሙዚየም ተሠርቶላቸዋል። ውጭ አገር የሆነ ሰው ሳሎን ጥግ ቆሞ ኮት የሚንጠለጠልበት «አፍሪካዊ ጌጥ» የአንድ ኮንሶ ልጅ አያት መታሰቢያ ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ሐረር፣ ደብረ ዳሞ፣ ሐመር

ሌላውን ፈጠን ፈጠን ብለን እንለፈው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ስትዘዋወሩ አንገታችሁን ወደ በሮቹ አዙሩ። አበባና ቅጠል የተፈለፈለባቸው የእንጨት በሮችና ሰገነቶች አሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ሐረር ከገቡት የህንድ ነጋዴዎች ጋር የመጣ እጅ እንዳለባቸው ያስታውቃሉ። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ቤቶች አብረው ነው የተመዘገቡት።

ወደ ሰሜን ደግሞ ደብረ ዳሞ አለ። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣበት ገዳም ነው፤ ሴቶች ስለማይወጡ እህቶቼ በፎቶ እንድታዩት እመክራለሁ። የጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ እንጨት ሲሆን በየካሬው አንበሳ፣ ዝሆን፣ ሚዳቋና ሌሎችም አራዊት ተቀርጸውበታል። ከዚያ ዘመን ወዲህ የእጅ መስቀሉ፣ መቋሚያው፣ የብራናው መጽሐፍ ሽፋን፣ አትሮኖሱ ሁሉ የእንጨት ጠራቢ ሥራ ነው። ዲያቆኑ ይስመዋል፤ ምእመኑ ይሳለመዋል።

ኦሞ አካባቢ ደግሞ የሐመር ወንድ ከእጁ የማይለየው ትንሽ የእንጨት ዕቃ አለው። ቦርኮቶ ይሉታል። ቀን ይቀመጥበታል፤ ሲጋደም ደግሞ ያጌጠው ጠጉሩ እንዳይበላሽ ይንተራሰዋል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሥራ! በሌላው አገርም ብርኩማ ነበር፤ ሴቶቻችን የተሠሩት ሹሩባ እንዳይፈርስ፣ የተቀቡት ቅቤም አልጋውን እንዳያበላሽ አንገታቸውን ያሳርፉበት ነበር። እነዚህን ትራሶች ማየት የፈለገ የአዲስ አበባ ልጅ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጎራ ይበል። ለፍቅረኛሞች ከሲኒማ የማይተናነስ ቀጠሮ ነው፤ ወሬ አያልቅባችሁም።

ንቀቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ ለምን ተናቀ?

አንደኛው ምክንያት መሬት ነው። በድሮው ኑሮ ሰው የሚለካው በመሬቱና በከብቱ ነበር። ባለእጁ መሬት እንዳይኖረው ተከለከለና፤ መሬት ስለሌለው ተናቀ፤ ስለተናቀም መሬት አልተሰጠውም። እባብ ጅራቱን ሲነክስ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ከግንድ ውስጥ በርጩማ፣ ከድንጋይ ውስጥ ብረት የሚያወጣ ሰው ገበሬውን ያስደነግጠዋል። «ይህ ሰው የማናውቀው ነገር ያውቃል» ይልና ይሸሸዋል። ጉራጌ ውስጥ ጠራቢዎቹ በአንዳንድ ሥርዓቶች ላይ የማይተካ ድርሻ ነበራቸው። ይፈለጋሉ፣ ይፈራሉ፣ ይናቃሉ። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ!

ሕጉማ ዝም አላለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ማንም ራሱ ማረስ የሚፈልግ ሰው መሬት የማግኘት መብት እንዳለው ተደነገገ፤ ባለእጁም በወረቀት ላይ ከገበሬው ጋር እኩል ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሰዎች በማኅበራዊ አመጣጣቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። አዩ! ምኒልክ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ከልብ ውስጥ የገባ ነገር ግን በአንድ ቀን አይወጣም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ጉራጌ አገርን ለመስቀል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሳይቀር ይህንን ንቀት ከእናቱ ጓዳ ወርሶት ይገኛል።

ሃይማኖት ይከለክላል የሚል ካለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። የድንግል ማርያም ጠባቂ አረጋዊው ዮሴፍ ምን ይሠራ ነበር? እንጨት ነበር የሚጠርበው። ነቢዩ ኑሕ መርከቡን በምን ሠራው? ካህኑም ሼኹም ይህን ያውቃሉ።

ለደብዳቤዋ ባለቤት

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ። ሦስት ነገር ልምከርሽ።

አንደኛ፣ ተጣድፈሽ አትኮብልዪ። «አባቴ እምቢ ካለ እንጠፋለን» የሚለው ሐሳብ በፊልም ላይ ያምራል። አንቺ ከጠፋሽ ግን «ድሮስ ከእነሱ ጋር ገጥማ» ተብሎ ወቀሳው ሁሉ በልጁና በአባቱ ላይ ይወድቃል። ዕድሜሽ ለአቅመ ሔዋን ካለፈ ቆይቷል፤ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። ሕጉን የያዘ ሰው አይሮጥም፤ ረጋ ብሎ ይራመዳል።

ሁለተኛ፣ በእናትሽ በኩል ጀምሪ። እናትሽ ልጁን አጉርሰውታል፤ «የኔ ልጅ» ብለውታል። የተኙት ልጁን ጠልተው ሳይሆን ዕድርተኛውን ፈርተው ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ጠጋ በይና «እማዬ፣ ያጎረስሽው እጅሽ ምን ሆነ?» ብለሽ በፍቅር ጠይቂያቸው። ከዚያ ለአባትሽ የሚከብድ ሽማግሌ ፈልጉ። የሰፈር ሰው ብቻ አይበቃም፤ የንስሐ አባት ወይም የሚያከብሯቸው ሼኽ፣ የአገር ልጅ የሆነ፣ የተማረ ዘመድ ይጨመርበት። አንድ ጊዜ እምቢ ቢሉ ሁለተኛ ይሂዱ፤ ሁለተኛ እምቢ ቢሉ ሦስተኛ። ለራስሽ ግን ቀን ቁረጪ። በይሉኝታ አሥር ዓመት የጠበቁ ስንት እህቶች አሉ መሰለሽ!

ሦስተኛውና ከባዱ ከልጁ ጋር የምትነጋገሩት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከአባትሽ እምቢታ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የሱ አንገት መድፋት ነው። አባትሽ «ዘሩ» ሲሉ ያፈረው እሱ ራሱ ነው። ለሰው ሁሉ «አባቴ ነጋዴ ነው» እያለ የሚኖር ባል ብታገቢ ነገ ልጆቻችሁም አያታቸውን ይደብቃሉ። ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ ለአንተም አለኝ። አባትህ ያንን መጥረቢያ ይዞ ነው ኮሌጅ ያስገባህ። ደብተርህ የበርጩማ ዋጋ ነው። እጮኛህን ይዘሃት ሂድና አባትህ ሲሠራ አሳያት። እሷ አይታ ካላፈረች፣ አንተ ደግሞ እሷ ፊት ካላፈርክ፣ ከዚያ በኋላ የሽማግሌው ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ነው። «ይቅርብን» ማለት ለቤተሰቧ ማሰብ ይመስልሃል፤ ግን በአንተ ላይ የተፈረደውን ፍርድ አንተው ማጽደቅህ ነው።

አባት ሆይ፣ ለእርስዎም በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። ያቺ በርጩማ የአያትዎ ማስታወሻ ናት፤ ትክክል ነው። ግን የሁለት ሰዎች ማስታወሻ ናት። አንዱ የተቀመጠባት ነው። አንዱ የጠረባት ነው።

ለቤታችሁ ስትገዙ

ጎጆ ለምትወጡና ስጦታ ለምትፈልጉ ወጣቶች ደግሞ ጥቂት ምክር ልጨምር፤ ሙያውን ማክበር በአፍ ብቻ አይደለምና።

በርጩማ ስትገዙ ገልብጣችሁ ታችዋን እዩ። ከላይ ተለስልሶ ከታች የመሣሪያ ጭረት ካለባት የእጅ ሥራ ናት፤ ጭረቱ የጠራቢው ፊርማ ነው። እግሯ ላይ የስንጥቅ መስመር፣ ኮላ ወይም ምስማር ፈልጉ። ደማቅ ቀለም የተቀባችውን ጠርጥሩ፤ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል። «ከምን እንጨት ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። የማያውቅ ነጋዴ ከሆነ ከሌላው ግዙ። ጅማ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሐሙስ ላይ አድርጉት፤ የገበያ ቀን ነው፤ ከሠሪው እጅ የመግዛት ዕድል አላችሁ።

ዋጋ ስትከራከሩም ልክ ይኑራችሁ። ለአንድ ማኪያቶ ሳትከራከሩ የምትከፍሉ ልጆች ግንድ ፈልፍሎ ለዋለ ሰው ግማሽ ካልቀነስክ ብላችሁ መሟገት ፋራነት ነው።

ቤት ካስገባችኋት በኋላ ፀሐይ ላይ አታስቀምጧት፤ በውሃ አትዘፍዝፏት። በደረቅ ጨርቅ ወልውሏት፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ዘይት ቀቧት። እንዲህ ከተያዘች ለልጅ ልጅ ትደርሳለች።

ዋንዛውም ይታሰብበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በሌሎች አዋጆች ቢተካም ስጋቱ አልቀረም። አንድ ዋንዛ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ጠራቢ ዛፍ ካጣ ሙያውም ከሱ ጋር ይሞታል። ግቢ ያላችሁ አንድ ዋንዛ ብትተክሉ ምን ይጎድልባችኋል? ለጥላም ይሆናል፤ ፍሬውንም ልጆች ይወዱታል።

አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ላለ ዘመድ የምትልኩ ደግሞ ለገበያ የተሠራ አዲስ ዕቃ ምረጡ። «ጥንታዊ ነው» እየተባለ በጓሮ በር የሚሸጥ ሐውልት፣ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ አትንኩ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርስ? የሌላ ሰው አያት መታሰቢያ ነው አላልንም?

በመጨረሻም ከሠሪው እጅ በገዛችሁ ቁጥር ስሙን ጠይቁትና ከበርጩማው ሥር በእስክሪብቶ ጻፉት። ከዓመታት በኋላ ልጃችሁ ገልብጦ ሲያያት «ከገበያ» ከሚል መልስ የተሻለ ነገር ያገኛል። እናንተም በሙያ፣ በዘር ወይም በሰው ወሬ ምክንያት የተሰናከለ ፍቅር ካላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!